የላሞችን የኮርማ ፍላጎት ማቀናጀትና ጽንስ ማዛወር፦ ለቴፒና አካባቢዋ ከብት አርቢዎች የተዘጋጀ መረጃ

በሆርሞን አማካኝነት በርካታ ላሞችና ጊደሮች በተቀራራቢ ቀናት ኮርማ እንዲፈልጉ አድርጎ በሰው ሠራሽ ዘዴ ማዳቀል በአገራችን የወተት ከብት ዝርያን ለማሻሻል ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ነው። ከኅዳር 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመካሄድ ላይ ያለው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ለዚህ አሠራር ትኩረት ሰጥቷል። ይህ ጽሑፍ በሸካ ዞን በቴፒ ከተማና በየኪ ወረዳ እንዲሁም በአጎራባች አካባቢዎች የሚገኙ አርቢዎች አገልግሎቱን ከመጠየቃቸው በፊት ሊያውቋቸው የሚገቡ ነጥቦችን ያቀርባል። ከሁሉም በላይ ሊታወስ የሚገባው ሆርሞኑ የሚወስነው ላሟ የምትዳቀልበትን ጊዜ ብቻ መሆኑ ነው። የሚወለደው ጥጃ የአካባቢውን በሽታና የአየር ጠባይ ተቋቁሞ ለማደግ መቻሉ በአብዛኛው የተመካው በሚመረጠው ዝርያ ላይ ነው።

የላም ተፈጥሯዊ ዑደት

ያላረገዘችና ጤናማ የሆነች ላም በአማካይ በየ21 ቀኑ ኮርማ ትፈልጋለች። ፍላጎቱ ከ12 እስከ 18 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ በአገር በቀል ላሞች ላይ ግን ከዚህ ሊያጥርና ብዙ ጊዜም በሌሊት ሊከሰት ይችላል። እንቁላሉ የሚለቀቀው የፍላጎቱ ምልክት ካበቃ ከ10 እስከ 14 ሰዓት ገደማ በኋላ ነው። ዋነኛው ምልክት ሌላ ከብት ሲወጣባት ሳትሸሽ መቆሟ ነው። ከዚህ በተጨማሪ መቅበጥበጥ፣ ደጋግሞ መጮህ፣ የምግብ ፍላጎትና የወተት መጠን መቀነስ እንዲሁም ከብልቷ ንጹሕና የሚለጠጥ ፈሳሽ መውረድ ይታያል። አርቢው ምልክቱን ሳያይ ካለፈ ላሟ ቢያንስ 3 ሳምንት ያለ እርግዝና ትቆያለች።

ሆርሞኑ የሚሠራው እንዴት ነው?

እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ በቦታው ቢጫ አካል የሚባል እጢ ይፈጠራል። ይህ እጢ የሚያመነጨው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን ላሟ እንደገና ኮርማ እንዳትፈልግ ያደርጋል። በብዛት ጥቅም ላይ የሚውለው ፕሮስታግላንዲን የተባለው መርፌ ቢጫውን አካል ስለሚያከስመው ላሟ ከ2 እስከ 5 ቀናት ውስጥ ኮርማ ትፈልጋለች። መርፌው የሚሠራው ግን ላሟ በዑደቷ ከ5ኛው እስከ 17ኛው ቀን ገደማ ላይ ስትገኝ ነው። ስለዚህ ለመጀመሪያው መርፌ ምላሽ ያልሰጡ ላሞች ከ11 እስከ 14 ቀናት ቆይተው ሁለተኛ መርፌ ሊወጉ ይችላሉ።

በምግብ እጥረት ወይም በበሽታ ምክንያት ዑደቷ የቆመ ላም ቢጫ አካል ስለማይኖራት በዚህ መርፌ ኮርማ አትፈልግም። መርፌው ለመኖና ለሕክምና ምትክ አይሆንም የሚባለውም ለዚህ ነው።

የአገራችን ተሞክሮ

በ1970ዎቹ ዓ.ም. በቃሊቲ የተቋቋመው ብሔራዊ የሰው ሠራሽ ማዳቀል ማዕከል አባላዘር እያዘጋጀ ለክልሎች ሲያሠራጭ ቆይቷል። አባላዘሩ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ይቀመጣል። ይሁን እንጂ አንድ ቴክኒሻን በተራራቁ መንደሮች በተለያየ ቀን ኮርማ ለሚፈልጉ ላሞች ሁሉ በሰዓቱ መድረስ ያዳግተዋል። ይህን ችግር ለማቃለል ዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ተቋም ከክልል ግብርና ቢሮዎች ጋር በመሆን በ2003 ዓ.ም. በሐዋሳና ዲላ እንዲሁም በመቀሌና አዲግራት መስመሮች ላሞችን በሆርሞን አቀናጅቶ በዘመቻ የማዳቀል ሙከራ አካሂዷል። ተመርጠው መርፌ ከተወጉት ላሞች አብዛኞቹ ኮርማ የፈለጉ ሲሆን ከተዳቀሉት ውስጥ ያረገዙት ወደ 60 በመቶ ገደማ ነበሩ። ይህም ኮርማ መፈለግ ብቻውን ለእርግዝና ዋስትና እንደማይሆን ያሳያል።

በቴፒ አካባቢ ልዩ ትኩረት የሚሻው ጉዳይ

የቴፒ ዙሪያ ሞቃታማና እርጥበታማ ቆላ ለቡና ምቹ እንደሆነ ሁሉ ለቆላ ዝንብም ምቹ ነው። ዝንቡ የሚያስተላልፈው የገንዲ በሽታ ከብትን ያከሳል፤ ደም ያሳንሳል፤ ላሞችን ያስወርዳል፤ ዑደታቸውንም ያቋርጣል። እንደ ሆልስታይን ፍሪዥያን ያሉ የውጭ ዝርያዎችና የእነርሱ ደም የበዛባቸው ክልሶች ለበሽታው በእጅጉ የተጋለጡ ናቸው።

በአንጻሩ በሼኮና በአካባቢው የሚገኘው የሼኮ ዝርያ በዚሁ በሽታ መካከል ለዘመናት የኖረ ነው። ሻኛው በጣም ትንሽ ነው፤ ጨርሶ ሻኛ የሌላቸውም አሉ። ተመራማሪዎች በምሥራቅ አፍሪካ የቀረ የጥንታዊ ሻኛ አልባ ከብቶች ዝርያ እንደሆነ ይገልጻሉ። በጊቤ ሸለቆ ከአቢጋር፣ ከሆሮና ከጉራጌ ከብቶች ጋር ተነጻጽሮ በተካሄደ ጥናት በገንዲ በመያዝ ዝቅተኛው ሆኖ ተገኝቷል። ሆኖም ሻኛ ካላቸው ከብቶች ጋር ያለ ምርጫ በመዳቀሉ ንጹሕ ዝርያው እየተመናመነ መጥቷል።

የዘመቻ ማዳቀል የበርካታ ላሞችን የወደፊት ጥጆች በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወስናል። ምርጫው ከተሳሳተ ጉዳቱም በአንድ ጊዜ ብዙ ቤት ይደርሳል። ስለሆነም የሚከተለው ይመከራል፦

- ንጹሕ የሼኮ ላሞች ከተመረጠ የሼኮ ኮርማ ወይም አባላዘር ጋር ብቻ ቢዳቀሉ።
- የወተት ክልስ የሚፈልጉ አርቢዎች የገንዲ ሥጋት መጠንን፣ የመኖ አቅርቦትንና የሕክምና ቅርበትን ከባለሙያ ጋር ቢመዝኑ። ለማሻና ለአንድራቻ ደጋ የሚመች ዝርያ ለየኪ ቆላ ላይመች ይችላል።
- በተፈጥሮ ኮርማ ለማስጠቃት የታሰበ ከሆነ በርካታ ላሞችን በአንድ ቀን አለማቀናጀት፤ አንድ ኮርማ ሁሉንም በሰዓታቸው ሊያደርስ አይችልም።

ጽንስ ማዛወር ምንድን ነው?

በዚህ ዘዴ ለተመረጠች ለጋሽ ላም በርካታ እንቁላሎችን እንድትለቅ የሚያደርግ ሆርሞን ለ4 ቀናት ያህል ይሰጣታል፤ ከዚያም በተመረጠ አባላዘር ትዳቀላለች። በ7ኛው ቀን ጽንሶቹ ያለ ቀዶ ሕክምና ከማህፀኗ በፈሳሽ ታጥበው ይወጣሉ። ዑደታቸው ከለጋሿ ጋር በ1 ቀን ልዩነት ውስጥ እንዲገጥም ወደ ተደረገ ተቀባይ ላሞችም ይዛወራሉ፤ ወይም ለወደፊት በናይትሮጅን ይቀመጣሉ። ጥጃው የለጋሿና የኮርማው ዘር እንጂ የተሸካሚዋ አይደለም።

በአገራችን በቢሾፍቱ በቦረና ላሞች ላይ የዚህ ዘዴ ምርምር ተካሂዷል። ውድ መድኃኒት፣ ቤተ ሙከራና ከፍተኛ ክህሎት ስለሚጠይቅ በቀበሌ ደረጃ የሚሰጥ አገልግሎት አይደለም። ይሁንና በሕይወት ዘመኗ ጥቂት ጥጆችን ብቻ ከምትወልድ አንዲት ምርጥ ላም ብዙ ዘር ለማግኘት ስለሚያስችል፣ እንደ ሼኮ ላሉ በመመናመን ላይ ያሉ ዝርያዎች ጥበቃ የሚኖረው ጠቀሜታ ከፍተኛ ነው።

አገልግሎቱን ለማግኘት

1. ለቀበሌው የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ወይም ለወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጥያቄ ማቅረብና መመዝገብ፤
2. ላሟ ከወለደች ቢያንስ ከ45 እስከ 60 ቀናት ማለፉን እና ጥሩ ሰውነት ያላት መሆኗን ማረጋገጥ፤
3. ለገንዲና ለሌሎች በሽታዎች ማስመርመር፣ ከተያዘችም አስቀድሞ ማሳከም፤
4. ከመርፌው በፊት በባለሙያ የእርግዝና ምርመራ ማስደረግ፤
5. የአባላዘሩን ዝርያ መጠየቅና የተዳቀለችበትን ቀን ጽፎ መያዝ፤
6. ጠዋት ኮርማ ስትፈልግ የታየችን ላም ከሰዓት በኋላ፣ ማታ የታየችን በማግሥቱ ጠዋት ማስዳቀል፤
7. ከ18 እስከ 24 ባሉት ቀናት ተመልሳ ኮርማ መፈለጓን መከታተል፣ ከ60 እስከ 90 ባሉት ቀናትም እርግዝናዋን ማስመርመር።

ማስጠንቀቂያ

ፕሮስታግላንዲን ያረገዘችን ላም ያስወርዳል። ባለቤቱ ስለ እርግዝናዋ ጥርጣሬ ካለው ሳይደብቅ ለባለሙያው መንገር ይኖርበታል። መድኃኒቱ በሰው ቆዳ ውስጥም ሊሰርግ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴቶችና የአስም ሕመምተኞች ሊነኩት አይገባም። በስህተት የነካው ሰው ወዲያውኑ በውኃና በሳሙና መታጠብ አለበት። መድኃኒቱን ከገበያ ገዝቶ ያለ ባለሙያ መውጋት ፈጽሞ የተከለከለ ተግባር ሆኖ ሊታይ ይገባል።

ላም 9 ወር ገደማ ታረግዛለች፤ ጊደሯም አድጋ ወተት እስክትሰጥ ዓመታት ይወስዳል። ስለዚህ አርቢዎች መርፌው ከመወጋቱ በፊት የሚመረጠውን ዝርያ በተመለከተ ከባለሙያ ጋር እንዲመክሩ እናሳስባለን።