አባ ቃኘው በሥዕልና በጅጅጋ ሜዳ

ከሐረር ወደ ምሥራቅ የሚሄደው መንገድ ባቢሌን አልፎ ካራማራን እንደ ተሻገረ የጅጅጋ ሜዳ በድንገት ይዘረጋል። ካራማራ ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የ1970 ዓ.ም.ን ጦርነት ነው። እኔ ግን የማነሣው ከዚያ ብዙ ዘመን አስቀድሞ ይህን ምድር ከሐረር ሆነው ያስተዳድሩ የነበሩትን ራስ መኮንን ወልደ ሚካኤልንና ሥዕላቸውን ነው።

በሸራ ላይ የተሣለውን የአድዋን ጦርነት ያላየ ከመካከላችን አይገኝም። ከላይ ቅዱስ ጊዮርጊስ በፈረስ፣ ከታች ንጉሠ ነገሥቱ በጥላ ሥር፣ መኳንንቱም ከነጋሻቸው ይታያሉ። ሰዓሊው የራሱን ወገን ፊት ለፊት በሁለት ዓይን፣ ጠላትን ግን በጎን በአንድ ዓይን ይሥላል፤ ቁመትንም በማዕረግ እንጂ በርቀት አይለካም። በማስመሪያ ላደግን መሐንዲሶች ይህ ስሕተት ይመስለናል፤ ነገር ግን የራሱ ሕግ ያለው አሣሣል ነው። የመኳንንቱ መልክ ስለሚመሳሰል ብዙ ጊዜ ስማቸው ከአጠገባቸው ይጻፋል። ስለዚህ የሣህለ ሥላሴ የልጅ ልጅ የሆኑትን አባ ቃኘውን የምንለያቸው በጽሕፈቱ ነው። በፎቶግራፍ የቀሩት ራስ መኮንን ግን ቀጭን፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ከጦር ሜዳ ይልቅ ለጽሕፈት ጠረጴዛ የሚቀርቡ ይመስላሉ።

በእርግጥም ሸራው የያዘው የአንድ ቀን ሥራቸውን፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.ን ብቻ ነው። ሐረርን ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ ገዝተዋል። ግንቦት 28 ቀን 1889 ዓ.ም. ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሮድ ጋር ደብዳቤ ተለዋውጠው ከጅጅጋ ወዲያ ያለውን ወሰን ወሰኑ። መስመሩ የሶማሌን አርብቶ አደር ግጦሽ ለሁለት ስለ ከፈለው፣ በሁለቱም ወገን ያሉ ጎሣዎች ተሻግረው እንዲያሰማሩ በስምምነቱ ተፈቀደ። ወረቀት ላይ የተሠመረ መስመር ዝናብን እንደማይከተል ሁለቱም ወገኖች የተረዱት ይመስለኛል።

ጅጅጋን በ1885 ዓ.ም. ያየው እንግሊዛዊው ስዌን በጉድጓዶቹ አጠገብ 25 ወታደር የሚጠብቀው በአጥር የተከበበ ምሽግ አግኝቷል። የቦታው አመራረጥ ግልጽ ነው፤ በደረቅ ሜዳ ውኃውን የያዘ መንጋውንም ይይዛል። ከብቱን ለሠራዊቱ ቀለብ የተወሰደበት አርብቶ አደር ይህን ያውቅ ነበር። በመጋቢት 1892 ዓ.ም. የሰይድ መሐመድ አብዱላ ሐሰን ተከታዮች ጅጅጋን አጠቁ፤ በግራዝማች ባንቲ የሚመራው ጦር ከባድ ጉዳት አድርሶ መለሳቸው። ጠቡ የቆየው በግመልና በከብት ነበር። ይህን ውጊያ የሚያሳይ ሥዕል እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ራስ መኮንን በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ቁልቢ ላይ ዐረፉ። በሐረር የቆመላቸው የፈረሰኛ ሐውልት በሰኔ 2012 ዓ.ም. በተነሣው ሁከት ወደቀ።