የፊንጢጣ አንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና፤ ከማይልስ እስከ ሮቦት

ሬክተም የሚባለው የደንዳኔ የመጨረሻ ክፍል የሚገኘው በጠባቡ የዳሌ ዐፅም ውስጥ፣ ሽንትንና የወሲብ ተግባርን በሚያዝዙ ነርቮች መካከል ነው። ስለዚህም በዚህ ሥፍራ የሚበቅለውን ካንሰር በቀዶ ሕክምና የማስወገዱ ታሪክ፣ ከመሣሪያ ታሪክነቱ ይልቅ ቢላዋው የት ማለፍ እንደሚገባው የማወቅ ታሪክ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1908 እንግሊዛዊው ኧርነስት ማይልስ ሬክተምን ከነፊንጢጣው በሆድና በመቀመጫ በኩል ነቅሎ የማውጣትን ዘዴ በ«ላንሴት» መጽሔት አስታወቀ። ካንሰሩ በሊምፍ መሥመሮች ወደ ላይ፣ ወደ ጎንና ወደ ታች ይዛመታል የሚል እምነት ነበረው። ዘዴው የብዙዎችን ሕይወት ቢያተርፍም፣ በሽተኛው ዕድሜ ልኩን ዐይነ ምድሩን በሆዱ ላይ በተከፈተ ቀዳዳ እንዲያወጣ ያስገድደው ነበር። ካንሰሩ ወደ ታች እምብዛም እንደማይወርድ ከተረጋገጠና በ1970ዎቹ የአንጀትን ጫፎች አገናኝቶ የሚሰፋው ክብ መሣሪያ ከተስፋፋ በኋላ ግን ብዙ በሽተኞች ከዚህ ዕጣ ዳኑ።

ይሁን እንጂ ካንሰሩ በዳሌ ውስጥ መልሶ ማገርሸቱ አልቀረም። በቤሲንግስቶክ ከተማ ይሠራ የነበረው ሪቻርድ ሂልድ በ1982 ባወጣው ጽሑፍ ምክንያቱን አመለከተ፤ ሬክተምን የከበበው ስባማ ሽፋን፣ ማለትም ሜዞሬክተም፣ በከፊል ይቀር ነበርና። በእጅ ፈልቅቆ ከማውጣት ይልቅ፣ ተፈጥሮ ራሷ ያበጀችውን ድንበር በዐይን እያዩ በስለት መከተል እንደሚገባ አስተማረ። ይህን ያደረገው በተከፈተ ሆድ፣ ያለ አንዳች ሮቦት ነበር።

በ1990ዎቹ ላፓሮስኮፕ ቁስሉን አሳነሰ፤ ቀጥ ያሉት ዘንጎቹ ግን በዳሌ ጥበት ውስጥ እንደልብ አልታዘዙም። በ2000 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር የፈቀደው «ዳ ቪንቺ» ለዚህ ችግር መልስ ይዞ ቀረበ። ሮቦት ቢባልም በራሱ አይቀድም፤ ሐኪሙ ከበሽተኛው ራቅ ብሎ ተቀምጦ፣ ጥልቀትን በሚያሳይ መነጽር እየተመለከተ፣ እንደ አንጓ የሚተጣጠፉትን መሣሪያዎች ያዝዛል።

ጥቅሙ በምርመራ ሲመዘን ውጤቱ አንድ ዓይነት አልሆነም። በ10 አገሮች 471 በሽተኞችን ያካተተውና በ2017 የታተመው «ሮላር» ጥናት፣ ወደ ክፍት ቀዶ ሕክምና ለመዞር የተገደዱት በሮቦት 8.1፣ በላፓሮስኮፕ 12.2 በመቶ መሆናቸውን ቢገልጽም፣ ልዩነቱ በስታቲስቲክስ ሚዛን አልጸናም። በቻይና በ11 ሆስፒታሎች የተካሄደው «ሪል» ጥናት ግን፣ በተቆረጠው አካል ጠርዝ ላይ ካንሰር የተገኘባቸው በሮቦት 4.0፣ በላፓሮስኮፕ 7.2 በመቶ መሆናቸውን በ2022 አስታወቀ። በ2025 በወጣው ተከታይ ዘገባም በሦስት ዓመት ውስጥ በዳሌ ያገረሸባቸው 1.6 እና 4.0 በመቶ ሆነው ተገኙ።

እንግዲህ ሮቦት የሂልድን ድንበር ለሚያውቅ እጅ መንገዱን ያቀናለት ይሆናል፤ ለማያውቀው ግን ድንበሩን አያሳየውም። መሣሪያው በሌለበት ሆስፒታል የሚሠራ ባልደረባችንም ከዚህ ታሪክ ዋናውን ቁም ነገር አላጣም፤ ያ ዕውቀት በመቀስና በጥሩ ብርሃን የተገኘ ነውና።