ከወንፈል ወደ ሼድ

የገራዶ ሸለቆ ከደሴ በስተምዕራብ የሚገኝ የእርሻ ምድር ነው። እዚህ ሥራ ሲለካ የኖረው በሰዓት ሳይሆን በወቅት ነው። ገበሬው በወንፈል ይራረሳል፤ አዝመራ ሲጠናበት ደቦ ይጠራል። ጎረቤት ሲሞት ግን ማጭዱ ይሰቀላል። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፤ ከቀብር የቀረ ይቀጣል።

የፋብሪካ ሥራ ወደ አካባቢው የገባው ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ዝቅ ብላ በምትገኘው ኮምቦልቻ በኩል ነው። በደርግ ዘመን የተቋቋመው የጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ብዙ የወሎ ልጆችን ከፈረቃና ከወር ደመወዝ ጋር አስተዋወቀ። ሕንፃውም፣ መኪናውም፣ ቀጣሪውም መንግሥት ስለነበር ሠራተኛው የሚነጋገረው ከአንድ ጌታ ጋር ነበር።

በዚሁ ዘመን መንግሥት የከተማ አከራይም ሆነ። የ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ወረሰ፤ የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ገቡ። ከ40 ዓመት በኋላ ያው አከራይ ፊቱን ወደ ባለሀብት አዞረ። በ2007 በደንብ ቁጥር 326 የኢንዱስትሪ ፓርኮች ልማት ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ሥራው መሬት ማልማት፣ ሼድ መሥራትና ማከራየት ነው። በ90 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፣ በ75 ሄክታር ላይ፣ 9 ሼዶች ይዞ የተሠራው የኮምቦልቻ ፓርክ ሐምሌ 2009 ተመረቀ።

ከዚህ ወዲህ አከራይና ቀጣሪ ተለያዩ። አጥሩ፣ መብራቱና ውሃው የኮርፖሬሽኑ ጉዳይ ነው፤ ሰዓቱ፣ ደመወዙና የላይኑ ኃላፊ ደግሞ የተከራዩ። ሠራተኛዋ በባጅ የምታልፈው የአንዱን በር ነው፣ የምትሰፋው በሌላው መኪና። ማታ የምትገባበት በደባልነት የተያዘ ክፍል ደግሞ ሦስተኛ አከራይ አለው። የግል ድርጅቶችን የሚገዛ ዝቅተኛ ደመወዝ በሕግ አልተወሰነም፤ የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንዲቋቋም ከመደንገግ አላለፈም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን ማዕከል በ2011 የሐዋሳን ኢንዱስትሪ ፓርክ አጥንቶ የልብስ ሰፊዎች መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር፣ ከዓለምም ዝቅተኛው መሆኑን ጽፏል።

ሕጉና ልማዱ በግልጽ የሚጋጩት ቀብር ላይ ነው። አዋጁ የትዳር ጓደኛ ወይም እስከ ሁለተኛ ደረጃ የሚቆጠር ዘመድ ሲሞት ደመወዝ የሚከፈልበት የ3 ቀን ፈቃድ ይሰጣል። ቅሬ ግን ዝምድና አይቆጥርም፤ የቀብር ግዴታው ከጎረቤትነት ይጀምራል። ለብርቱ ጉዳይ እስከ 5 ቀን ያለ ደመወዝ መቅረት ቢቻልም በዓመት ከሁለት ጊዜ አይበልጥም። በገጠር መንደር ሁለት ቀብር ለአንድ ክረምትም አይበቃም። ሥራ አስኪያጅ «የሥራ ባህል ማነስ» የሚለው መቅረት ግማሹ፣ በሌላው ወገን መዝገብ፣ ግዴታን መወጣት ነው።

ከመቅረት ሌላ የሠራተኛው መልስ ሥራውን ጥሎ መሄድ ነው። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ደርኮን በኢትዮጵያ 5 ድርጅቶች ውስጥ ባደረጉት ጥናት፣ ሥራውን ካገኙት ሲሶው ያህል በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው በዓመቱ ውስጥ ለቅቀዋል። ጥናቱ ስለ ኮምቦልቻ ባይሆንም፣ ደመወዙ ከጉሊትና ከቀን ሥራ ካልበለጠ ለሱፐርቫይዘር ቁጣ መታገሥ ለምን እንደሚከብድ ያስረዳል። ስንፍና የሚለው ማብራሪያ እዚህ ላይ አያስኬድም።

ጥቅምት 2014 በሰሜን ኢትዮጵያው ጦርነት ደሴና ኮምቦልቻ ሲያዙ ፓርኩ ተዘረፈ፤ ከተሞቹ ወደ መንግሥት እጅ የተመለሱት በኅዳር መጨረሻ ነው። አንድ ወር ሳይሞላ፣ ታኅሣሥ 23፣ አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ የንግድ ዕድል አስወጣች፤ ከቀረጥ ነፃ የሆነው ገበያ ተዘጋ። አከራዩ ሼዱን ሊጠግን፣ ተከራዩም ወደ ሌላ አገር ሊዞር ይችላል። የሠራተኛዋ መዞሪያ እርሻው ነው።