ላንድ ክላስ፦ የምድር ገጽ መደብ

በኮምፒውተር የበረራ ማስመሰያ ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ኮምቦልቻ የሚበር ሰው ጣርማ በርን አልፎ ቁልቁል ወደ ይፋት ሲመለከት፣ ሸዋ ሮቢት ባለችበት ቦታ ቢጫ አሸዋ ሊጠብቀው ይችላል። ሮቢትን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲያይ ይከፋዋል። የስህተቱ ምንጭ «ላንድ ክላስ» የሚባለው አሠራር ነው። በአማርኛ «የምድር ገጽ መደብ» ብንለው ይስማማዋል፤ «የመሬት መደብ» ካልነው ከይዞታና ከግብር ጉዳይ ጋር ይምታታል።

ዓለምን ሁሉ በፎቶግራፍ መሸፈን ለድሮ ኮምፒውተሮች ከአቅም በላይ ነበር። ስለዚህ ሠሪዎቹ ምድርን በትንንሽ አራት ማዕዘኖች ከፋፍለው ለእያንዳንዱ መደብ ሰጡት፦ ደን፣ እርሻ፣ ቁጥቋጦ፣ በረሃ። ለየመደቡም አስቀድሞ የተዘጋጀ ምስል ይነጠፍበታል። በረሃ የተባለ ሁሉ ሰሃራም ይሁን አፋር አንድ ቀለም ሊለብስ ይችላል ማለት ነው። ለምሳሌ የአሜሪካ ጂኦሎጂ ጥናት ተቋም ከ1992 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. በተነሱ የሳተላይት ምስሎች ባዘጋጀው የዓለም ካርታ፣ የአንዱ አራት ማዕዘን ጎን 1 ኪሎ ሜትር ነበር። በሮቢ ወንዝ ዳር በመስኖ የሚለማ የሽንኩርት ማሳ በዚህ ስፋት ውስጥ ተውጦ ይቀራል።

ከሁሉ በላይ የጎደለው ግን ቆላ ነው። ገበሬያችን ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ፣ በረሃ ብሎ ይለያል፤ ቆላ ይሞቃል እንጂ በረሃ አይደለም። ከባሕር ወለል በላይ 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ሸዋ ሮቢት ማሽላና ማሾ የሚበቅልባት ቆላ ናት። በረሃው ከእሷ በስተምሥራቅ፣ ወደ አፋር ሲወርዱ ነው የሚጀምረው፤ ቀለሙም ቀስ በቀስ እየነጣ ይሄዳል እንጂ በቢላ እንደተቆረጠ ድንበር የለውም።

በ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው የማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር በመደብ ፋንታ የቢንግ ካርታን የሳተላይትና የአየር ፎቶ ያነጥፋል። ለውጡ ትልቅ ነው፤ ቀለሙ ግን ፎቶው ከተነሳበት ወር ጋር ይታሰራል። ለካርታ የሚፈለገው ደመና የሌለበት ፎቶ ስለሆነ የክረምቱ አረንጓዴ ብዙ ጊዜ አይመረጥም። ማሽላው ተቆርጦ አገዳው በደረቀበት በጥር የተነሳ ፎቶ በነሐሴም ይታያል። በዚያ ላይ አየሩ ውስጥ ያለው አቧራና ጭጋግ ፎቶው ላይ ሲቀር፣ ማስመሰያው የራሱን ጭጋግ ደርቦ ያፈዘዋል። ጥሩ ቀለም አራሚ መጀመሪያ የፎቶውን ጭጋግ ያነሳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ቀለሙን የሚነካው።

ኤክስ ፕሌንና ፍላይት ጊር የተባሉት ማስመሰያዎች ማንም ሊያርመው ከሚችለው ከኦፕን ስትሪት ማፕ መረጃ ይወስዳሉ። ሸዋ ሮቢት፣ ጀውሃና አጣዬ ያላችሁ ወጣቶች፣ የመስኖ ማሳዎቹን ወሰን በዚያ ካርታ ላይ አስምሩ፤ ማሳውንም በየወሩ ፎቶ አንሱ፤ ቀለሙን የምታውቁት እናንተ ናችሁ።