ከግራ ወደ ቀኝ፤ የስዊድን ሕዝብና የመንገዱ ሕግ



የመንገድ ሕግ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ ፖሊስና ስለ መቀጫ ነው። ሌላውን ሕግ ሳያውቅ የሚኖር ዜጋ ብዙ ነው፤ ከደጁ ወጥቶ መንገድ የማይሻገር ግን የለም። ታዲያ በዚህ ነገር የሕዝብ አሳብና የመንግሥት ውሳኔ ሲለያዩ ምን ይደረጋል? ለዚህ ጥያቄ የስዊድን ታሪክ መልካም ምስክር ነው። ዓመቶቹን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ስዊድኖች ከ18ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ግራ ግራውን ይሄዱ ነበር። በፈረስና በሠረገላ ዘመን ይህ ልማድ ማንንም አልጎዳም። አውቶሞቢል ከመጣ በኋላ ግን ሁለት ችግር ተፈጠረ። አንደኛው፣ በየብስ የሚያዋስኗቸው ኖርዌይና ፊንላንድ በቀኝ ስለሚነዱ፣ ድንበር የሚያልፍ ነጂ ሁሉ ጎኑን መለወጥ ነበረበት። ሁለተኛው፣ በአገሩ ከነበሩት መኪናዎች የአብዛኞቹ መሪ በግራ በኩል ነበር። እንዲህ ያለው መኪና በግራ ሲነዳ ነጂው ከመንገዱ ጠርዝ አጠገብ ስለሚቀመጥ፣ የፊተኛውን ለመቅደም በፈለገ ጊዜ ከወዲያ የሚመጣውን ማየት ይቸግረዋል።

መንግሥት በኦክቶበር 1955 ሕዝቡን ጠየቀ። ድምፅ ከሰጡት ውስጥ 83 ከመቶ ያህሉ በግራ እንቀጥል አሉ። በዚህ ምክንያት ሕዝቡን አላዋቂ ነው ብሎ መፍረድ አይገባም። ወጪውን የሚከፍለው፣ እጁና ዓይኑ የለመዱትን የሚተወው፣ በለውጡም ቀን ቢሳሳት የሚሞተው እርሱ ነውና።

ሕዝበ ውሳኔው በሕግ ረገድ ምክር እንጂ ግዴታ አልነበረም። የመኪናው ቁጥር ግን በየዓመቱ ይበዛ ስለነበር፣ ለውጡ በዘገየ መጠን ወጪው የሚከብድ ሆነ። በመጨረሻም በጠቅላይ ሚኒስትር ታገ ኤርላንደር ዘመን፣ በ1963፣ ምክር ቤቱ በቀኝ እንዲነዳ ወሰነ።

ከውሳኔው እስከ ፍጻሜው አራት ዓመት ያህል ተሰጠ። የመንገድ ምልክቶች ተተከሉ፤ እስከ ቀኑም ድረስ ተሸፍነው ቆዩ። የአውቶቡሶች በር በቀኝ በኩል እንዲከፈት ተደረገ። የለውጡ ምልክት የሆነው ፊደል በወተት ማሸጊያ ላይ ሳይቀር ታተመ፤ ሕዝቡ እንዳይዘነጋ ዘፈን እንኳ ወጣለት።

እሑድ ሴፕቴምበር 3 ቀን 1967፣ ጎሕ ሳይቀድ፣ አስፈላጊ ካልሆነ በቀር መኪና ሁሉ ከመንገድ ታገደ። ከንጋቱ 11 ሰዓት ሊሆን 10 ደቂቃ ሲቀረው በመንገድ የተገኙት መኪናዎች ቆሙ፤ በዝግታም ወደ ቀኝ ተሻገሩ፤ 11 ሰዓት ሲሞላም ጉዟቸውን ቀጠሉ። በማግሥቱ ሰኞ የተመዘገበው አደጋ ከተለመደው ሰኞ አልበለጠም። ሰው ሁሉ ፈርቶ በጥንቃቄ ስለነዳ በመጀመሪያው ጊዜ አደጋው ቀነሰ፤ ፍርሃቱ ሲለቅ ግን በሁለት ዓመት ያህል ውስጥ ወደ ቀድሞው መጠን ተመለሰ። ከዚህ የምንረዳው፣ ሕግ ጎንን ሊለውጥ ቢችልም ጥንቃቄን ግን በየዕለቱ የሚያስገኘው ነጂው ራሱ መሆኑን ነው።

አገራችን ኢትዮጵያም በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ ተሻግራለች፤ ስለዚህ ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም።

ካያያዝ ይቀደዳል፣ ካነጋገር ይፈረዳል ይባላል። የስዊድን መንግሥት ከሕዝቡ ድምፅ የተለየ ውሳኔ መወሰኑ እስከ ዛሬ ሊያከራክር ይችላል። ነገር ግን የተቃወመውን ሕዝብ አልናቀም፤ ጊዜ ሰጠው፣ አስረዳው፣ አዘጋጀው። ደንብ አርቅቆ በማኅተም የሚያወጣ የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ ሊያስታውሰው የሚገባ ነገር አለ። ይኸውም ደንቡ በጽሕፈት ቤት ቢወለድም የሚኖረው በመንገድ ላይ፣ በሕዝቡ እጅ መሆኑ ነው።