አሮጌው ግራጫ ትራክተር ምን ያስተምረናል?

ታሪክ በብራና ላይ እንደሚጻፍ ሁሉ በብረትም ላይ ይጻፋል። ይህን የተረዳሁት ከአንድ አሮጌ ትራክተር ነው።

በማሠልጠኛችን ግቢ፣ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ ጀርባ፣ አንድ አነስተኛ ግራጫ ትራክተር ለብዙ ዓመታት ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበት ነበር። በቁርጥራጭ ብረትነት ሊሸጥ ሲል ከዕጩ መምህራኑ ጋር ሆነን ጥቂት ጊዜ እንዲሰጠን ለመንን። መኪናው ፈርጉሰን ቲ.ኢ. 20 ይባላል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሃሪ ፈርጉሰን በ1884 በአየርላንድ ሰሜናዊ ክፍል ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደ። በ1909 ራሱ በሠራው አውሮፕላን በረረ፤ በአየርላንድም የመጀመሪያው በራሪ ሆነ። በ1917፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ የአገሪቱን ትራክተሮች አሠራር እንዲያሻሽል ተመደበ።

በዚያ ዘመን ትራክተር ማረሻን የሚስበው በሰንሰለት ወይም በአንድ ዘንግ ነበር። ማረሻው ከድንጋይ ጋር ሲጋጭ በሬ ይቆማል፤ ሞተር ግን አይቆምም። ከዚህም የተነሣ የትራክተሩ አፍንጫ ወደ ላይ ተነሥቶ ወደ ኋላ ይገለበጥና ነጂውን ይጨፈልቀው ነበር። ብዙ ገበሬዎች በዚህ አደጋ ሞተዋል።

ፈርጉሰን በ1926 የፈጠራ መብት ያገኘበት ሐሳብ ከዓመታት ማሻሻል በኋላ ለዚህ መፍትሔ ሆነ። ማረሻው በሦስት ክንዶች ይያያዛል። ሁለቱ የታች ክንዶች ይስባሉ፤ የላይኛው አንድ ሞላ ይጫናል፤ ሞላውም የዘይቱን ፓምፕ ያዛል። መሬቱ ሲጠነክር ዘይቱ ማረሻውን ጥቂት ያነሣዋል፤ ሲላላ ያወርደዋል። የእኛ ገበሬ እርፉን በእጁ እየተጫነና እያቀለለ የሚሠራውን ሥራ ሞላና ዘይት ተረከቡት ማለት ነው። ድንጋይ ሲያጋጥም ደግሞ የላይኛው ክንድ አፍንጫውን ወደ መሬት ይገፋል፤ የኋላ ጎማዎች ሸክማቸው ይቀልና በቦታቸው ይሽከረከራሉ፤ ነጂው ይተርፋል።

ከ1946 እስከ 1956 በእንግሊዝ አገር በኮቨንትሪ ከተማ ከ500,000 በላይ እንዲህ ያሉ ትራክተሮች ተሠሩ። በ1958 ኤድመንድ ሂላሪ ደቡብ ዋልታ የደረሰው በእነዚሁ ነው።

ወደ ጥገናው እንመለስ። ካርቡራተሩን አጠብን፤ ካንዴላዎቹንና ዘይቱን ለወጥን። የሞተር ማስነሻው ከማርሽ ዘንጉ ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ ማርሽ ገብቶ ሳለ ሞተሩ አይነሣም። ይህም ለነጂው የታሰበ ሌላ ጥበቃ ነው።

ሞተሩ ተነሣ፤ ክንዶቹ ግን እንቢ አሉ። እኔም «ፓምፑ ሞቷል» ብዬ ፈረድሁና ሁለት ቀን ሙሉ ብሎን ስንፈታ ዋልን። በመጨረሻ አንዲት ዕጩ መምህርት ሥዕሉን አጥንታ፣ «መምህር፣ ፓምፑን የሚያዞረው ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ዘንግ አይደለም እንዴ? እሱ መቼ ገባ?» ስትል ጠየቀችኝ። የፈታነውን ገጥመን፣ ሞተሩን አስነሥተን፣ ዘንጉን የምታገናኘውን ትንሽ እጀታ ገፋናት። ክንዶቹ ቀስ ብለው ተነሡ። ጥፋቱ የትራክተሩ ሳይሆን የእኔ ነበር።

ዛሬ ትራክተሩ የተቋሙን ማሳ ያርሳል። ሆኖም በተዳፋት ላይ ወደ ጎን ከመገልበጥ ስለማያድን ከሜዳ አናወጣውም።

ውድ መምህራን! በየትምህርት ቤቱ ጓሮ የተጣለ መሣሪያ አይጠፋም። ከመሸጡ በፊት ተማሪዎቻችንን አንድ ጥያቄ እናስጠይቃቸው፦ ይህ ዕቃ ማንን ከምን ችግር ለማዳን ተሠራ? መልሱን ሲፈልጉ ታሪኩንም ሙያውንም አብረው ያገኙታል።