የሚጠራ ድምፅ፣ የሚፈራ ድምፅ፦ ዘፋኞች በፖለቲካና በጤና ዘመቻ መካከል፣ ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ሲታይ

የጤና ዘመቻ የሚያዘጋጅ መሥሪያ ቤት ዝነኛ ዘፋኝ ፈልጎ ሲሄድ ጥሩ ድምፅ ብቻ አይደለም የሚሻው። ሕዝቡ በዘፋኙ ላይ የጣለውን እምነት ለጥቂት ደቂቃ መዋስ ይፈልጋል። ይህ እምነት ደግሞ ከጤና ጋር ሳይገናኝ የተገኘ ነው። በፍቅር ዘፈን፣ በሠርግና በበዓል፣ አንዳንዴም ባለሥልጣን ያልወደደውን ነገር በማንሣት ከዓመት ዓመት የተጠራቀመ ነው። የዚህ መጣጥፍ ክርክር ከዚህ ይነሣል። በኢትዮጵያ ለጤና የሚጠራው ድምፅና በፖለቲካ የሚፈራው ድምፅ አንድ ነው። ሁለተኛውን ለመግታት የተደረገው ሁሉ የመጀመሪያውንም ተሰሚነት ሲሸረሽር ኖሯል።

ጉዳዩን ከመድረኩ ይልቅ ከሰሚው ወገን ማየት ስለፈለግሁ ነፋስ ስልክ ላፍቶን መርጫለሁ። አዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በአሥር ክፍለ ከተሞች ስትዋቀር የተመሠረተው ይህ ክፍለ ከተማ የሳሪስን የፋብሪካ ሰፈሮች፣ የጎፋና የጀሞን ኮንዶሚኒየሞች፣ መካኒሳን፣ ላፍቶንና ለቡን ያቀፈ ነው። ለሙዚቃም ባዳ አይደለም። የመካነ ኢየሱስ የጃዝ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መካኒሳ ነው ያለው፤ ለቡ ውስጥ «ሙዚቃ ሰፈር» የሚባል የታክሲ መውረጃም አለ። የታሪክ መጻሕፍት የሚያነሷቸው ትልልቅ መድረኮች ግን መስቀል አደባባይ፣ ብሔራዊ ቴአትርና ሚሊኒየም አዳራሽ ናቸው። እዚህ ያለው ሰው ዘፈኑን የሚሰማው በሚኒባስ ውስጥ፣ በሥጋ ቤት በረንዳ፣ በእጅ ስልክና ሞንታርቦ ጭኖ በሚዞር መኪና ነው። ሞንታርቦው አንድ ሰሞን የምርጫ ካርድ ውሰዱ ይላል፣ ሌላ ሰሞን ተመርመሩ። ሁለቱም ጥሪዎች በታዋቂ ሰው ዘፈን ይታጀባሉ፤ ሰሚውም ሁለቱን የሚመዝነው በአንድ ሚዛን ነው።

የነገሩ ሥር ሩቅ ነው። ከየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. የግድያ ሙከራ በኋላ የኢጣሊያው ገዥ ግራዚያኒ ካስገደላቸው ሰዎች መካከል ጠንቋዮች፣ ባሕታውያንና አዝማሪዎች ይገኙበታል። ወራሪው አዝማሪን ከጠንቋይ ጋር የደመረው የነገን ነገር የሚያወሩ፣ ሕዝቡም የሚያምናቸው ስለነበሩ ነው። ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1927 ዓ.ም. ክረምት የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ይህንኑ ኃይል በተቃራኒው አቅጣጫ ተጠቅሞበታል። ንግግርና ዘፈን እያጣመረ ሕዝቡን ለመጪው ጦርነት ያነቃቃ ነበር። የመንግሥትና የዘፋኝ ሽርክና በዘመናዊ መልኩ እዚያ ተጀመረ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሽርክናው ግን ሁልጊዜ ጥርጣሬ ያልተለየው ነበር። ጥላሁን ገሠሠ የክብር ዘበኛ ሙዚቀኛ በመሆኑ ከታኅሣሥ 1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ታስሯል። «ዋይ ዋይ ሲሉ» የተሰኘው የረሃብ ዘፈኑ ደግሞ ከወሎው እልቂት ጋር ተያይዞ ሲታወስ ይኖራል። ደርግ ነገሩን በመዋቅር ያዘው። በየቀበሌው የኪነት ቡድን ተቋቋመ፤ መሠረተ ትምህርት፣ ዘመቻና አብዮት በአንድ መድረክ ይዘፈኑ ጀመር። በ1977ቱ ረሃብ ጊዜ አየርላንዳዊው ቦብ ጌልዶፍና የእንግሊዝና የአሜሪካ ዘፋኞች ለኢትዮጵያ ሲዘፍኑ ዓለም ሁሉ ሰምቷል። መልሱን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። በ1980 ዓ.ም. ገደማ «ሕዝብ ለሕዝብ» የተባለው የኢትዮጵያ የባህል ቡድን ለተደረገው እርዳታ ምስጋና ለማቅረብ አውሮፓንና ሰሜን አሜሪካን ዞረ። ቡድኑ ያሳየው ባህል የሀገሪቱን ገጽታ ያደሰ ቢሆንም፣ ስለ ረሃቡ ፖለቲካዊ ምክንያት የራሱን ቃል ሊናገር እንደማይችል ግልጽ ነበር። ጌልዶፍ በሄደበት ሁሉ ባለሥልጣናትን ሲዘልፍ የእኛዎቹ አመስግነው ተመለሱ። ልዩነቱ ከድፍረት ሳይሆን ማን ለማን ይታዘዛል ከሚለው የመጣ ነው።

ለክርክሬ ዋናው መፈተኛ የኤች አይ ቪ ዘመን ነው። በሽታው በኢትዮጵያ በ1970ዎቹ መጨረሻ ቢታወቅም ብሔራዊ ፖሊሲ የወጣለት በ1990 ዓ.ም. ነው። በመሐል ለቅሶ ቤት የሟቹ ሕመም በስሙ አይጠራም ነበር፤ «ሳንባው ነው»፣ «ሲያመው ነው የከረመ» ይባላል። አልማዝ ባለጭራ የወጣበት ሰው ጎረቤት በዓይኑ ይሸኘዋል። በ1990ዎቹ «ማለባበስ ይቅር» ብዙ ዘፋኞች እየተቀባበሉ ሲያዜሙት ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን አልፎ ታክሲ ውስጥ የገባው ይህን ዝምታ አግኝቶ ነው። የመቀባበሉ ጥቅም የውበት ብቻ አልነበረም። በዚያ ዘመን አንድ ዘፋኝ ብቻውን ስለ ኤድስ ቢዘፍን «እሱስ ቢይዘው ይሆን እንዴ?» መባሉ አይቀርም። ብዙ ሆነው ሲዘፍኑ ሐሜቱ የሚያርፍበት ሰው ያጣል። የኅብረት ዘፈን በኢትዮጵያ የጤና ዘመቻ የተለመደ ቅርጽ ሆኖ የቀረው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል፤ ዛሬ አስፈላጊ ባልሆነበት ጉዳይ እንኳ የሚደገመው ግን ልማድ ስለሆነ ብቻ ነው።

ዘፈን ምን እንደሠራና ምን እንዳልሠራ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናቶች ያሳያሉ። በ1997ቱ ጥናት ከሴቶች 90 በመቶ፣ ከወንዶች 97 በመቶ ስለ ኤድስ ሰምተዋል። የተሟላ ዕውቀት ያላቸው ግን ከሴቶች 16 በመቶ፣ ከወንዶች 30 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። የተሟላ ዕውቀት የሚባለው ኮንዶምና አንድ ለአንድ መወሰን እንደሚከላከሉ፣ ጤነኛ መስሎ የሚታይ ሰው ቫይረሱ ሊኖርበት እንደሚችል ማወቅና የተለመዱ የተሳሳቱ እምነቶችን አለመቀበል ነው። ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ፣ በ2008 ዓ.ም.፣ አኃዙ 20 እና 38 በመቶ ደረሰ። ያን ሁሉ ዘፈን፣ ድራማና ቢልቦርድ ላስታወሰ ሰው ይህ ዕድገት ትንሽ ነው። ዘፈኑ «በሽታው አለ» የሚለውን ለሁሉም አዳርሷል፤ «እንዴት» የሚለውን ግን ሊያስተምር አልቻለም፤ የዘፈን ጠባይም አይደለም። ያን የሠሩት ሌሎች ናቸው፤ 952 ላይ ደውሎ ማንነትን ሳይናገሩ መጠየቅ የሚቻልበት የስልክ መስመር፣ በየሱቁ የተሰቀለው ሕይወት ትረስት ኮንዶም፣ ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በከተማ ቤት ለቤት የሚዞሩት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች።

የምርመራው ነገር ይበልጥ ያስተምራል። «ራስህን እወቅ» የሚል መልእክት መድኃኒት በሌለበት ሀገር ሞትህን ቀድመህ ስማ እንደማለት ነበር፤ የማንም ድምፅ ቢሆን ይህን ሊያሳምር አይችልም። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መታደል የጀመረው በጥር 1997 ነው። ከዚያ በኋላ፣ በ1999 ዓ.ም. የሚሊኒየሙ የኤድስ ዘመቻ ሲታወጅ፣ «ተመርመሩ» የሚለው ዘፈን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚጨበጥ ነገር ከኋላው ቆመለት። በ2008ቱ ጥናት የቫይረሱ ስርጭት በሀገር ደረጃ 0.9፣ በአዲስ አበባ ደግሞ 3.4 በመቶ ነበር። ዘፈኑ ከቀዘቀዘ በኋላ እንኳ በከተማዋ ችግሩ ከሀገሪቱ አማካይ ብዙ እጥፍ ሆኖ መቆየቱ በጀሞና በሳሪስ የሚሠሩ የጤና ባለሙያዎችን ሊያሳስብ ይገባል።

ዘፈን ሊያደርገው ያልቻለውን አንዳንዴ የዘፋኙ ገላ ያደርገዋል። ኡጋንዳዊው ዘፋኝ ፊሊ ሉታያ እ.ኤ.አ. በ1989 ቫይረሱ እንዳለበት በአደባባይ ተናግሮ፣ በትምህርት ቤቶችና በአብያተ ክርስቲያናት እየዞረ ሲመሰክር ቆይቶ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ሞተ። በእኛ ሀገር ተመሳሳዩን ምስክርነት በዋነኝነት የተሸከሙት ዝነኞች ሳይሆኑ የተስፋ ጎህና የመቅድም ማኅበራት አባላት ነበሩ፤ ስማቸው በካሴት ሽፋን ያልወጣ ሰዎች። የስኳር በሽታን በተመለከተ ግን ጥላሁን ገሠሠ አለን። በበሽታው ምክንያት እግሩ መቆረጡን ያልሰማ የከተማ ሰው አልነበረም። ማንም ዘመቻ ብሎ አልሰየመውም፤ ሆኖም «ስኳር እግር ያስቆርጣል» የሚለውን ብዙ ቤተሰብ ከእሱ የተማረው ይመስለኛል።

ገንዘብ ሲገባበትስ? «የኛ» የተባለው የሴቶች የሙዚቃ ቡድንና የሬዲዮ ድራማ በ2005 ዓ.ም. ሲጀመር ስለ ያለዕድሜ ጋብቻ፣ ስለ ጥቃትና ስለ ልጃገረዶች ብቸኝነት በአዲስ አበባና በአማራ ክልል ይናገር ነበር። ድጋፉ ከእንግሊዝ መንግሥት የልማት መሥሪያ ቤት ይመጣ ነበር። የለንደን ጋዜጦች «የኢትዮጵያ ስፓይስ ገርልስ» ብለው ሲያላግጡ ከርመው፣ በጥር 2009 ገንዘቡ እንዲቆም ተወሰነ። ዘፈኑ ጠቅሟል ወይስ አልጠቀመም የሚለውን የፈረደው የለንደን ፖለቲካ እንጂ ጀሞ ያለች ሰሚ አልነበረችም። ስለ ቡድኑ ጥበባዊ ጥራት የተለያየ አስተያየት ሊኖር ይችላል፤ ራሔል ጌቱን የመሰለች ድምፃዊት ከዚያ መውጣቷን ግን ማንም አይክድም።

የሀገር ውስጡ ገንዘብ በአብዛኛው የቢራ ነበር። ትልልቅ ኮንሰርቶች ያለ ቢራ ስፖንሰር የማይታሰቡበት ዘመን ነበር፤ ያው ዘፋኝ ማክሰኞ ስለ ጤና፣ ቅዳሜ ከጠርሙስ አርማ ሥር ይቆማል። ቴዲ አፍሮ በ2006 ዓ.ም. ያሰበው የኮንሰርት ጉዞ ይህ ትስስር ምን ያህል ስስ እንደሆነ አሳየ። ስለ አፄ ምኒልክ ተናገረ በተባለና እሱ አላልኩም ባለው ቃል የተነሣ በበደሌ ቢራ ላይ የአንጠጣም ዘመቻ ተቀጣጠለ፤ ኩባንያውም ስፖንሰርነቱን ተወ። ልብ በሉ፤ በሀገሪቱ ሰዎች ቢራ እንዳይጠጡ በሰፊው ከተቀሰቀሰባቸው ጊዜያት አንዱ ይህ ነው፤ ምክንያቱ ግን ጉበት ሳይሆን ታሪክ ነበር። የጤና ምክንያቱ በሕግ የመጣው በምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ነው። የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ወጣ፤ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው መሸጥም ተከለከለ። አዋጁ በኮንሰርት ገበያው ላይ የተወውን ክፍተት ማን እንደሚሞላው ያሰበበት ግን ያለ አይመስልም። ዘፋኙ ከቢራ ተላቆ ወደ ባንክ፣ ወደ ሪል እስቴትና ወደ መንግሥት ዝግጅት ነው የዞረው። ከሦስቱ አንዱም ለነጻ ቃል የሚመች ደጅ አይደለም።

ቴዲ ራሱ የፖለቲካው ጎን ማሳያ ነው። በ1997ቱ ምርጫ ሰሞን የወጣው «ያስተሰርያል» በመንግሥት መገናኛ ብዙኃን ሳይሰማ በየታክሲው ተሰማ። በ2009 «ኢትዮጵያ» የተሰኘው አልበሙ በሒልተን ሊመረቅ ሲል ዝግጅቱ ታገደ። እንዲህ ያለ ዘፋኝ ስለ ክትባት ቢናገር በሳሪስ ገበያ የሚያዳምጠው ሰው ስንት ይሆን? ብዙ ነው። ሊጠራው የሚደፍር መሥሪያ ቤት ግን በዚያ ዘመን አልነበረም። የሚጠሩት ማንንም የማያስቀይሙት ነበሩ፤ ማንንም ያላስቀየመ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ብድር የሚወሰድበት እምነት አላከማቸም።

ሁለቱ ጉዳዮች በአንድ ክረምት የተላተሙት በ2012 ነው። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በመጋቢት ተገኘ፤ ስልክ የደወለ ሁሉ ከጥሪው በፊት የእጅ መታጠብ ምክር ይሰማ ጀመር፤ በሚያዝያ ዋዜማ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። በኡጋንዳ ዘፋኙ ቦቢ ዋይን ስለ ቫይረሱ የዘፈነው በዚያው መጋቢት ሲሆን፣ በኅዳር 2013 ግን ለፕሬዚዳንትነት ሲወዳደር የኮሮና መመሪያ ጥሰሃል ተብሎ ታሰረ። እዚህ ደግሞ ሰኔ 22 ቀን ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ ከነፋስ ስልክ ላፍቶ ጋር በሚዋሰነው በአቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም አካባቢ ተገደለ። በወጣትነቱ አምስት ዓመት የታሰረ፣ በታኅሣሥ 2010 በሚሊኒየም አዳራሽ ለተፈናቀሉ ወገኖች በተዘጋጀ ኮንሰርት ላይ ባለሥልጣናት በተቀመጡበት የልቡን የተናገረ ሰው ነበር። ሞቱን ተከትሎ በተነሣው ሁከት ከመቶ በላይ ሰዎች አለቁ፤ ኢንተርኔትም ለሳምንታት ተዘጋ።

ወረርሽኙ እየከፋ በሄደበት በዚያ ሐምሌ ስለ ርቀትና ስለ ጭምብል በቴሌግራምና በዩቲዩብ ሲሰራጭ የነበረው ዘፈን፣ ቀልድና ምክር ሁሉ አብሮ ጠፋ። በጎፋና በጀሞ ሕንፃዎች ለነዋሪው የቀሩት የጤና ምንጮች ሬዲዮ፣ ቴሌቪዥን፣ የስልኩ ቅጂና በር የምታንኳኳው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነበሩ። ከአራቱ ነዋሪው መልሶ ጥያቄ ሊጠይቅ የሚችለው የመጨረሻዋን ብቻ ነበር።